ጀልባ የሚገዛው በሚሊ ሜትር ነው
የዛገ የብረት ጀልባ አድሶ ማሠራት ያዋጣል? የጣና ገበያ ሒሳብ

ሞላሌ ገበያ ወጥቶ ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ የሚገዛ የመንዝ ሰው የቆርቆሮውን ማብረቅረቅ ብቻ አይቶ ብሩን አይቆጥርም። “ጌጁ ስንት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ባለ 28 ነው? ባለ 32 ነው? ወይስ በእጅ ሲጫኑት የሚታጠፈው ባለ 35? ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ገዢም ሻጭም ያውቃሉ። ዋጋው የሚቆረጠው በዚሁ ነው። በደጋው ጭጋግና ዝናብ ሥር ክዳኑን ስንት ክረምት እንደሚያቆየው የሚወስነው ውፍረቱና የተለበጠው ዚንክ እንጂ ውበቱ አይደለም።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንድ ቅጠል ቆርቆሮ ከተደረገ፣ ዋጋው ከመቶ ቤት ክዳን ለሚበልጥ የብረት ዕቃ ምን ያህል ሊደረግ ይገባ ነበር? በዚሁ በአማራ ክልል፣ በጣና ሐይቅ ላይ፣ አሮጌ የብረት ጀልባ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብዙውን ጊዜ ዋጋ የሚነገረው በዓይን ግምት ነው። “ሞተሯ የተጠገነ፣ አዲስ ቀለም የተቀባች” ይባላል። ከቀለሙ ሥር የቀረው ላሜራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ግን ጠያቂም መላሽም የለም።

የዚህ ጽሑፍ መልእክት አጭር ነው። የዛገ ጀልባ ማደስ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን ዝገቱን ከመግዛቱ በፊት ለለካ ሰው ነው። ልኬቱ የሚጠቅመው ደግሞ ገዢውን ብቻ አይደለም። ሻጩም ደላላውም ከዚሁ ያተርፋሉ። እንዴት እንደሆነ በሒሳብ እናያለን።

ለምን አሮጌ ጀልባ?

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። ከባሕር ተነስቶ ሐይቁ ድረስ የሚያደርስ የውሃ መንገድ የለውም። በመሆኑም በላዩ የሚንሳፈፍ የብረት ጀልባ ሁሉ ወይ በላሜራ መልክ መጥቶ ሐይቁ ዳር ተበይዷል፣ ወይ ደግሞ በመኪና ተጭኖ ዳገት ወጥቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ሲያሠራና ጎርጎራን ወደብ ሲያደርግ ይኸው ችግር ነበረበት። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነስታ በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝም ችግሩ ያው ነበር። አንድን ጀልባ ተራራና ሸለቆ አሻግሮ ሐይቅ ላይ ማድረስ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው።

በሌላ በኩል የሐይቁ ሰው ከጥንት የሚጠቀምበት ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ዋጋው ቀላል ነው፣ አይዝግም። ይሁንና ውሃ እየጠጣ በወራት ውስጥ ያረጃልና ሌላ ይተካል። ብረት ግን በአግባቡ ከተያዘ የባለቤቱን ዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ ሐይቁ ላይ ቀድሞ የደረሰ የብረት ገላ፣ ዝጎም ቢሆን፣ የመጓጓዣ ወጪው የተከፈለበት ንብረት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ላሜራ፣ ኤሌክትሮድ፣ የባሕር ቀለምና ሞተር ሁሉ በዚያው ልክ ተወደደ። አዲስ ጀልባ በተወደደ ቁጥር የአሮጌው ዋጋ ይነሳል። ጥያቄው “ምን ያህል ይነሳ?” የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ዝገት የሚመጣው።

ዝገት የት ይደበቃል?

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የተቀበረው የጀልባ ሆድ ብዙ ሰው እንደሚፈራው በፍጥነት አይበላም። ይበልጥ የሚጎዳው የውሃው መስመር ነው፤ ማዕበሉ ሲመታው የሚረጥበው፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚደርቀው፣ እንደገና የሚረጥበው ጠባብ መቀነት። ገዢ ሁሉ አስቀድሞ እዚያ ቢያይ ግማሹን ታሪክ ያውቃል።

ሌላው ግማሽ ያለው ከውስጥ ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሳንቃ ሲነሳ፣ ከሥሩ የዝናብ ውሃ፣ ናፍጣ፣ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ተኝቶ ይገኛል። ጀልባ ከውጭ በየጊዜው ይቀባል፤ ከውስጥ የሚያየው የለም። በመሆኑም ብዙ አሮጌ ጀልባ የሚበሳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ለሚዛን ተብሎ ወለሉ ላይ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ጀልባ ከሆነማ ጥርጣሬው እጥፍ ይሁን። በሲሚንቶውና በብረቱ መሀል የገባ ውሃ መውጫ የለውም።

ንጹሕ ውሃ ለብረት ከባሕር ጨው ይሻላል። በጥቅሉ ሲታይ ያልተቀባ ብረት በንጹሕ ውሃ ውስጥ በዓመት የሚያጣው ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ነው። በዚህ ስሌት 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ በሃያ ዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያጣል ማለት ነው። ይህ ግን አማካይ ነው። ጀልባን የሚያሰጥመው ደግሞ አማካዩ ሳይሆን አንዲት ቀዳዳ ናት። ዝገት ገላውን እኩል እየላሰ ሲሄድ ችግሩ ቀላል ነው። አንድ ቦታ ይዞ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ወደ ውስጥ ሲቆፍር ግን ዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ መሀሉ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ ሰው በከንቱ የሚደነግጥበት ጊዜ አለ። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እንደ እንጀራ ድርድር ተነባብሮ የሚነሳ ወፍራም ቅርፊት ሲታይ ጀልባዋ ያለቀላት ይመስላል። ቅርፊቱ ተነስቶ ሲለካ ግን የጠፋው ብረት ከቅርፊቱ ውፍረት በጣም ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ዓይን በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። የተቀባውን ጤነኛ ያደርገዋል፤ ቅርፊት ያወጣውን ደግሞ ሙት።

የቆመ ጀልባ ነገርም መረሳት የለበትም። በኮሮና ጊዜ በ2012 ዓ.ም.፣ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የጣና ቱሪዝም ክፉኛ ተጎድቷል። ቱሪስት ሲጠፋ ጀልባ ይቆማል። የቆመ ጀልባ ዝናብ ያጠራቅማል፣ ቀለሙ አይታደስም፣ ባለቤቱም ገቢ ስለሌለው ለጥገና አያወጣም። እንዲህ ያለው ባለቤት ሲቸግረው ይሸጣል። ገበያ ላይ የሚቀርበው ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ዝገቱ የበረታበት የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

የማይታወቅ ዕቃ ዋጋ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳይቷል። ሻጭ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መኪና የሚሰጠው የመካከለኛ ዕቃ ዋጋ ነው። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። ይህን ያየ ገዢ ደግሞ ዋጋውን ይበልጥ ይቀንሳል። አከርሎፍ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ያገለገለ ጀልባ ከመኪናም ይብሳል። መኪናን መካኒክ ጋራዥ አስገብቶ ያየዋል። ጀልባን ለማየት ግን ከውሃ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህም ወጪ ነው፤ ሻጭ “ካልገዛህ ለምን አወጣልሃለሁ?” ይላል፣ ገዢም “ካላየሁ ለምን እገዛለሁ?” ይላል። በመሀሉ ያለው ደላላ ሁለቱን የሚያስታርቅበት ያለው ምላሱ ብቻ ነው። መፍትሔው ግን ከምላስ ይልቅ ከመሣሪያ ይገኛል።

መዶሻና የድምፅ መለኪያ

የመጀመሪያው መሣሪያ ቀላል መዶሻ ነው። ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ መዶሻውም ወደ ኋላ ይነጥራል። የሳሳ ላሜራ ድምፁ የታፈነ ነው። የባሰበት ደግሞ ይጎደጉዳል፤ ጭራሽ ይበሳል። “ጀልባዬን በመዶሻ አትምታብኝ” የሚል ሻጭ ካጋጠመ ገዢው መልሱን አግኝቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ነው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ከአንድ ወገን ብቻ ተጠግቶ ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል፤ ድምፁ ከወዲያኛው ወገን ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ ቆጥሮ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ያወጣል። ለነዳጅ ማጠራቀሚያና ለቦይለር ምርመራም የሚያገለግል ዕቃ ነው። የሚለካው ነጥብ ከዝገትና ከወፍራም ቀለም መጽዳት አለበት፤ አለዚያ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ልኬቱ በተመረጡ አምስት ስድስት ቦታዎች ከተወሰደ ዋጋ የለውም። ገላው በጠመኔ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይከፈልና በየመስቀለኛው ይለካል። በውሃው መስመር፣ በሞተሩ ሥር፣ በፕሮፔለሩ ዙሪያና ውሃ በሚተኛበት የወለል ክፍል ነጥቦቹ ይጠጋጋሉ። ቁጥሮቹ በጀልባዋ ሥዕል ላይ ይጻፋሉ። ይህች አንዲት ወረቀት የጀልባዋ ትክክለኛ ሊብሬ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስንት ሚሊ ሜትር ሲቀር ነው “በቃ” የሚባለው? ትልልቅ መርከቦችን የሚመረምሩ ድርጅቶች እንደየክፍሉ ቢለያይም፣ ላሜራ ከመጀመሪያ ውፍረቱ ሩብ ያህሉን ሲያጣ እንዲቀየር ወደ ማዘዝ ያዘነብላሉ። በእንግሊዝ አገር የቦይ ጀልባ የሚያስገቡ ኢንሹራንሶች በተለምዶ የሚጠይቁት ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ጀልባ ለሚገዛ ነጋዴ 4 ሚሊ ሜትርን እንደ ቀይ መስመር መያዝ ክፉ አይደለም። ጣና ዳርቻው ድንጋያማ የሆነበት ቦታ ስላለ ከዚህ በታች መውረድ ከሰው ሕይወት ጋር መጫወት ነው። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ከፍታ ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ መርከቦች ለአራት ወር ገደማ መቆማቸው ይታወሳል። ውሃው በጎደለ ቁጥር የጀልባ ሆድና ድንጋይ ይቀራረባሉ።

መቁረጥ ወይስ መደረብ?

ልኬቱ ካለቀ በኋላ የሳሳውን ክፍል ለማደስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተበላውን ላሜራ ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ አዲስ መበየድ ነው። ሁለተኛው አሮጌውን ሳይነኩ በላዩ አዲስ ላሜራ መደረብ ነው። መደረብ ፈጣን ነው፣ የሠራተኛ ዋጋውም ያንሳል። በመሆኑም ብዙ ባለቤት የሚመርጠው እሱን ነው። ሒሳቡን ግን እንይ።

አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 7.85 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 15 ሜትር ርዝመት፣ ሦስት ሜትር ተኩል ወርድ ያላት ጀልባ እናስብ። ልኬቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የወረደው ክፍል 12 ካሬ ሜትር ብቻ መሆኑን አሳየ እንበል። ያን ብቻ ቆርጦ በ6 ሚሊ ሜትር ለመተካት የሚያስፈልገው ላሜራ 565 ኪሎ ግራም ነው። አሮጌው ስለሚወጣ የጀልባዋ ክብደት ስትሠራ ከነበረው አይበልጥም።

ሳይለካ “ሆዷን በሙሉ እንደርብላት” የሚለው ባለቤት ደግሞ 30 ካሬ ሜትር በ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሸፍን 942 ኪሎ ግራም ብረት ይገዛል። ይህ ክብደት ከጀልባዋ አይወርድም። በ75 ኪሎ ሲካፈል አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል። ጀልባዋ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውሃ ትገባለች። በሕግና በሕሊና የሚሄድ ባለቤት እንግዲህ በያንዳንዱ ጉዞ እስከ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ርካሽ የመሰለው ጥገና ጀልባዋ እስክትሞት ድረስ የአሥራ ሁለት ሰው ትኬት ያስከፍላል። ተሳፋሪ አልቀንስም ካለ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ተሳፋሪው ይሆናል።

ከዚህም ሌላ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የቀረው ክፍተት ውሃ ካገኘ ዝገቱ ማንም በማያየው ቦታ ይቀጥላል። በሳሳ ብረት ጠርዝ ላይ የተበየደ ድርብ ደግሞ የሚይዘው አያገኝም። መደረብ ፈጽሞ አይፈቀድም ማለታችን አይደለም። ዙሪያው ጤነኛ በሆነ ጠባብ ቦታ ላይ፣ በልኬት ተደግፎ ሲሠራ ጊዜ ይገዛል። ለሙሉ ሆድ ግን ውድ ነው።

በያጁን በተመለከተ ሁለት ነገር አንባቢ ልብ ይበል። የናፍጣ ታንከር ባለበት ጀልባ ውስጥ ብየዳ የሚጀመረው ታንከሩ ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦና ከነዳጅ ትነት መጽዳቱ ተረጋግጦ ነው። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ የሚፈነዳ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ጀልባዋ ውሃ ላይ እያለች የሚበየድ ነገር ካለ ደግሞ የብየዳው የመመለሻ ሽቦ እዚያው ሥራው አጠገብ ይታሰር። ዳር ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል ሲመለስ ብረቱን ይበላዋል።

ገንዘብ የሚባክንበት ቀለም

ብየዳው ካለቀ በኋላ ብዙ ባለቤት ይቸኩላል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ አንቲረስት ቀብቶ ወደ ውሃ ይመልሳል። ቀለሙ በመጀመሪያው ክረምት ያብጣል፣ በሁለተኛው ይላጣል። ስህተቱ ከቀለሙ አይደለም፤ ቀለሙ የተቀመጠበት ነው። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም የሚይዘው ዝገቱን ነው። ዝገቱ ሲለቅ አብሮ ይለቃል። ስቱኮማ ለመኪና በር ይሁን እንጂ ለጀልባ ሆድ አይሆንም፤ ቀዳዳን ከገዢ ዓይን ከመደበቅ በስተቀር ሥራ የለውም።

ትክክለኛው አሠራር ገላውን በአየር ግፊት ደቃቅ እየረጩ ነጭ ብረት እስኪታይ ማጽዳት ነው። እዚህ ላይ ከወንዝ ዳር የታፈሰ አሸዋ መጠቀም ርካሽ ቢመስልም፣ አቧራው የሠራተኛውን ሳንባ ለዘለቄታው የሚጎዳ በሽታ ያመጣል። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የብረት ደቃቅ ወይም ጋርኔት የሚባለው ድንጋይ ይመረጣል። አሮጌ ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ከጣና ውሃ የሚጠጣ ሰውም ከብትም ስላለ ሥራው በሸራ ተከልሎ፣ ፍርፋሪው ተጠርጎ መወገድ አለበት።

የጸዳ ብረት በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ቀለም ማግኘት አለበት። አለበለዚያ በሌሊቱ ጤዛ መልሶ ይዝጋል። ቀለም አምራቾች የሚሰጡት መመሪያ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የብረቱ ሙቀት ደግሞ ጤዛ ከሚያስርበት ነጥብ ቢያንስ በ3 ዲግሪ እንዲበልጥ ነው። ሐይቅ ዳር ይህ ማለት በክረምት አይቀባም፣ በበጋም በማለዳ አይቀባም ማለት ነው። ከጥቅምት በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት፣ ረፋዱ ላይ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል። ለብረት ጀልባ የሚመከረው በሁለት ጣሳ መጥቶ የሚደባለቀው የኢፖክሲ ቀለም ነው። በብዙ እጅ ተቀብቶ በአግባቡ ከደረቀ ለዓመታት ይቆያል። ከውጭ የተቀባው ያህል ከውስጥም ካልተቀባ ግን ግማሽ ሥራ ነው።

የቆርቆሮው ዘዴ በጀልባ ላይ

የሞላሌውን ቆርቆሮ ከዝገት የሚያድነው ዚንኩ ነው። ዚንክ ከብረት በፊት ራሱን ያስበላል፤ እሱ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱ አይነካም። ጀልባም ላይ ይኸው ዘዴ አለ። ከውሃው በታች ገላው ላይ አኖድ የሚባሉ ቁርጥራጭ ማዕድናት ይታሰራሉ፤ እነሱ ይበላሉ፣ ብረቱ ይተርፋል። የነሐስ ፕሮፔለር ላለው ጀልባ አኖድ ቅንጦት አይደለም። ነሐስና ብረት ውሃ ውስጥ ሲገናኙ የሚበላው ብረቱ ነውና።

ነጋዴ የሚሳሳትበት አንድ ነጥብ አለ። ለባሕር ጀልባ የሚሸጠው የዚንክ አኖድ በጣና ዓይነት ንጹሕ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሠራም። ለንጹሕ ውሃ የሚሆነው ማግኒዚየም ነው። ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው “የጀልባ አኖድ” ብሎ ብቻ ካዘዘ ዚንክ ሊመጣለት ይችላል። አኖድ ደግሞ ቀለም አይቀባም፤ የተቀባ አኖድ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከሌላው ዓለም

ይህ ሁሉ ድካም ውጤት ይኖረው ይሆን ለሚል አንባቢ ከደጋ ሐይቆች ሁለት ምስክር እንጥራ።

በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው፣ ከ3,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው ቲቲካካ ሐይቅ ያቫሪ የምትባል የብረት መርከብ አለች። እንግሊዝ አገር በ1860ዎቹ ተሠርታ፣ በቁርጥራጭ ተፈትታ፣ በበቅሎ ጀርባ ተራራ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1870 ውሃ ላይ ዋለች። የመንዝን ዳገት በበቅሎ የወጣ ሰው ድካሙን ይገምተዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ተጥላ ሳለ አንዲት እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1987 ገዝተው እንድትታደስ አደረጉ። ሥራውን የሚቻል ያደረገው ገላዋ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ደህና ሆኖ መቆየቱ ነው።

በታንጋኒካ ሐይቅ ያለችው ሊምባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመን አገር ተሠርታ በሣጥን ተጭና መጣች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ ጀርመኖች ራሳቸው አሰጠሟት። ከማስጠማቸው በፊት ግን መሐንዲሶቹ ሞተሮቿን በወፍራም ግሪስ ለቀለቁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1924 አወጧት፤ በ1927 ወደ ሥራ ተመለሰች። ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰውና ጭነት አመላልሳለች። ስምንት ዓመት ሐይቅ ሥር የተኛች መርከብ ለሥራ ከበቃች፣ ሐይቅ ዳር የቆመ ጀልባ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም።

ሦስተኛው ምስክር የራሳችን ነው። “ኢትዮጵያ” የምትባለው የባሕር ኃይላችን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራች ነበረች። ወደ ሠላሳ ዓመት አገለገለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ሸሽታ እዚያ ቆመች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ብረት ባለቤት እስካለው ድረስ ይኖራል። ባለቤት ሲያጣ በኪሎ ይሸጣል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ድርድሩ እንምጣ። በጤንነት የምትሠራ ተመሳሳይ ጀልባ ዋጋ 100 ነው እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ የቀረበ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቦታ ያገኘውን ዋጋ ይተካበት። ልኬቱ ባሳየው መሠረት ላሜራና ብየዳ 22፣ ማጽጃና ቀለም 14፣ ከውሃ ማውጫና መመለሻ 6 ፈጀ። በሥራው ወራት የሚቀረው ገቢ 8 ነው። አሮጌ ጀልባ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር አይታጣምና፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወጪዎች ድምር 20 በመቶ ያህል፣ ማለትም 8፣ ለመጠባበቂያ ይያዛል። ጠቅላላው 58 ሆነ። ስለዚህ ገዢው ለጀልባዋ ሊከፍል የሚችለው ጣሪያ 42 ነው። ሻጩ 60 ከጠየቀ መተው ነው።

ልኬት ባይኖርስ? ብልህ ገዢ የማያውቀውን ነገር በ20 በመቶ መጠባበቂያ አይደፍርም። 50 በመቶ ይይዛል፤ ይህም 21 ይሆናል። ወጪው ወደ 71 ያድጋል፣ ጣሪያውም ወደ 29 ይወርዳል። ጀልባዋ ያቺው ናት፤ ዝገቷም ያው ነው። ነገር ግን አንዲት የልኬት ወረቀት ባለመኖሯ ብቻ ሻጩ 13 ከሰረ። የደላላው ኮሚሽንም አብሮ ቀነሰ። ልኬት የገዢ ነገር ብቻ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው።

የዋጋው ወለል ደግሞ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው። ሞተሩ ለብቻው ተገምቶ፣ የቀረው ብረት በኪሎ ተሰልቶ የሚገኘው ገንዘብ ከጣሪያው ከበለጠ ጀልባዋ ለማደስ አትሆንም። ብረት ማቅለጫ የሚወስዳት መኪና ይጠራ። በወለልና በጣሪያው መካከል ሰፊ ቦታ ካለ ግን እዚያ ላይ ትርፍ አለ።

እንግዲህ ለየባለጉዳዩ እንዲህ እንላለን። ሻጭ ሆይ፣ ቀለም ቀብተህ ከምትጠብቅ ቀለሙን ለልኬት ክፈትና ወረቀትህን ይዘህ ቅረብ፤ ጤነኛ ጀልባ ካለህ የምትለየው በዚህ ብቻ ነው። ደላላ ሆይ፣ የመለኪያውን ባለሙያ ስልክ ከገዢው ስልክ እኩል ያዝ። ገዢ ሆይ፣ ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ለልኬቱ ክፈል፤ ውሉ ላይም “ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የተገኘ ክፍል በሻጭ ወጪ” የሚል አንቀጽ አስገባ። ለጀልባ ብድር የሚሰጥ ባንክና መድን የሚገባ ኩባንያም ይህችኑ ወረቀት ቢጠይቁ ገበያው በአንድ ዓመት ውስጥ ይስተካከላል።

ወደ ገዳማቱ የሚሻገር ምእመን፣ ከዘጌ ቡና ይዞ የሚመጣ ገበሬና ከደቅ ደሴት ወደ ሕክምና የምትሄድ እናት የላሜራውን ውፍረት አይጠይቁም። ጀልባዋ ላይ የሚወጡት ባለቤቱን አምነው ነው። ባለቤቱ ለእነሱ የሚሰጠው መልስ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ቢሆን ለነፍሳቸውም ለኪሱም ይበጃል።